የወረቀቱን ሒሳብ ማን ነው የሚከፍለው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደሴንና ኮምቦልቻን እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ በአንድ ቀን ከአራት ሰው ደረሰኝ። ሦስቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አራተኛዋ አክስቴ ናት። አክስቴ በድምፅ መልእክት «እውነት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ? አንቺስ የምትሠሪው ይሄንኑ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በድምፅ ልመልስላት ጀመርኩ። ሰባት ደቂቃ ሲሆን ተውኩት። ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል።

ጽሑፉን የጻፉት ረጅም ዘመን ያስተማሩ መምህር ናቸው። ክርክሬ ከሐሳባቸው ጋር ስለሆነ ስማቸውን አልጠራም። ሐሳባቸውን ግን ሳላጣምም ላስቀምጥ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» በሚለው ተረት ይጀምራሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለጤና ምርምር፣ ለማስተማርና ለተማሪ አገልግሎት ብለው የሚዘረጉት የኮምፒውተር ሲስተም ቅንጦት ነው ይላሉ። ላብራቶሪው ኬሚካል ሳይኖረው፣ ዶርሙ ውሃ ሳያገኝ ሰርቨር መትከል ቅደም ተከተል ማጣት ነው። ሲስተሞቹ የፈረንጅ ስለሆኑ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብረው ይሞታሉ። መብራትና ኔትወርክ በማይታመንበት አገር ወረቀት ይሻላል፤ ጦርነቱም ይህንኑ አሳይቶናል። የበሽተኛ ምስጢር ባሕር ማዶ ይሻገራል። ተማሪው ገልባጭ ይሆናል። በመጨረሻም ተማሪው ከሰው ጋር መነጋገሩ ቀርቶ ከስክሪን ጋር ይፋጠጣል።

ስድስት ነጥብ ነው። ያጎደልኩት ካለ እታረማለሁ።

ስለ ራሴም ልናገር። የተማርኩት የሕዝብ ጤና ነው። ለዓመታት በየገጠሩ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ፣ ኋላም ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። የምኖረው ደሴ ነው። ሶፍትዌር አልሸጥም።

መምህሩ የሲስተሙን ወጪ አንድ በአንድ ቆጥረዋል። የወረቀቱን ግን አልቆጠሩም። ወረቀት ርካሽ የሚመስለን ሒሳቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል ስለማይሄድ ነው። በሽተኛዋ፣ ተማሪው፣ ጭቃ የሚረግጠው መረጃ ሰብሳቢ ይከፍሉታል። እኔ ከመምህሩ የምለየው እዚህ ላይ ነው። አሁን ወደ ነጥቦቻቸው ልሂድ።

«ቅንጦት ነው»

የምቀበለውን ላስቀድም። ዶርም ውስጥ ውሃ ከሌለ ውሃው ይቅደም። ጀሪካን ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ለምትወጣ ተማሪ ስለ ዲጂታል ካምፓስ ማውራት ነውር ነው።

ነገር ግን መምህሩ «ሲስተም» ሲሉ በሚሊዮን የሚገዛ ዕቃ ያሰቡ ይመስላል። ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ሥራ የሚገለገሉባቸው ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሸጡ አይደሉም። ሬድካፕ የሚባለውን የምርምር መረጃ መያዣ የሠራው የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ለትርፍ ላልቆመ ተቋም በነጻ ይሰጣል። በስልክና በታብሌት መረጃ የምንሰበስብበት ኦዲኬ የተጀመረው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱንም ማንም አውርዶ ይጭነዋል። ለማስተማሪያ የሚሆነው ሙድል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የጀመረው ሂናሪ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ላሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ይከፍታል። አንድ የደሴ የሕክምና ተማሪ አንዷን መጣጥፍ በዶላር ግዛ ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ወጪ የለውም እያልኩ አይደለም። ኮምፒውተሩ፣ ባትሪው፣ ሥልጠናው፣ የሚጠብቀው ሰው ደሞዝ ገንዘብ ነው። ግን በመምህሩ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ገንዘብ አይደለም።

«ሳይቸግር» የሚለው ላይ ደግሞ ጨርሶ አልስማማም። ቸግሮናል እኮ። አንድ ጊዜ እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ከወር በፊት ደም ሰጥታ ተመርምራለች። ካርድ ክፍል ገብተው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። «ካርዱ የለም፣ አዲስ አውጪላት» ተባልኩ። አዲስ ካርድ ማለት አዲስ ታሪክ ነው። ሐኪሙ ከዜሮ ጀመረ። ያው ምርመራ በድጋሚ ታዘዘ። እናቴ በድጋሚ ተወጋች፣ እኔ በድጋሚ ከፈልኩ። ላብራቶሪውም ያንኑ ኬሚካል ሁለተኛ ፈጀ። መምህሩ የሚቆረቆሩለት ኬሚካል ማለት ነው። አንዲት ካርድ ስለጠፋች።

«የፈረንጅ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሞታል»

ከሁሉም ጠንካራው ነጥባቸው ይህ ነው። እውነት አለበት። የሞተ ፕሮጀክት በዓይኔ አይቻለሁ። ቁም ሳጥን ተከፍቶ ሃያ ምናምን ታብሌት ተደርድሮ አገኘሁ። ግማሾቹ ባትሪያቸው አብጦ ጀርባቸው ተከፍቷል። ፓስወርዱን የሚያውቀው አማካሪ ኮንትራቱ አልቆ ሄዷል። ስልኩም አይነሳም። ይህን ያየ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ግን ታብሌቶቹን የገደላቸው ምንድን ነው? ፈረንጅ መሥራቱ ነው? ማይክሮስኮፑንም የሠራው ፈረንጅ ነው፤ ላብራቶሪያችን ውስጥ ግን ስንት ዓመት ይሠራል። ምክንያቱም የሚወለውለው፣ አምፖሉን የሚቀይረው፣ የሚፈርምበት ሰው አለ። ታብሌቶቹ ባለቤት አልነበራቸውም። በጀቱ ውስጥ ለመግዣ መስመር ነበር፤ ለመጠገኛ ግን አልነበረም።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤት ኬንያ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሞሶሪዮት የምትባል የገጠር ጤና ጣቢያ አለች፣ ኤልዶሬት አካባቢ። የሞይ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያች ጤና ጣቢያ ውስጥ ትንሽ የታካሚ መዝገብ በኮምፒውተር ጀመሩ። ኋላ የኤችአይቪ ታካሚ ሲበዛ ያ ትንሽ መዝገብ አልችል አለ። ከዚያ በቀሰሙት ልምድ በ2004 ኦፕንኤምአርኤስ የሚባለውን የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ጠነሰሱ። በ2006 ኤልዶሬት ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ብዙ አገሮች ይገለገሉበታል። እስኪ አስቡት። ሥሩ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ታካሚው በዝቶ የነበራቸው መዝገብ አልችል ስላላቸው የሠሩት ነው። ይህ ቅንጦት ከተባለ ምን ችግር ይባላል?

ሁለተኛው ምሳሌ እቤታችን ነው። ዲኤችአይኤስ2 የሚባለው የጤና ሪፖርት ሥርዓት መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ናት። የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመራው። የእኛ ጤና ሚኒስቴር ተቀብሎት በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገር ደረጃ አስገባው። ዛሬ የደሴ ዙሪያ ጤና ጣቢያ ወርሃዊ ሪፖርት የሚላከው በእሱ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነገር ነው፣ ፈረንጅም አለበት። አልሞተም። ያልሞተበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንደ አንድ ሰሞን ፕሮጀክት ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ ስለተያዘ ነው። ሪፖርት ካልላክህ ትጠየቃለህ።

ሦስተኛውን ልጨምር፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። ቡታጅራ ላይ በ1979 ዓ.ም. አንድ ጥናት ተጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ ብለው መዘገቡ። አንድ ጊዜ ብቻ መዝግበው አላቆሙም። ለዓመታት እየተመላለሱ ቀጠሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግልገል ጊቤ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። መንግሥት ተቀየረ፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት ስንት ጊዜ ተቀየረ፤ የቡታጅራው ሥራ ግን ቀጠለ። ደጅ የሚያንኳኳው የአካባቢው ሰው ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ትምህርት ደሴ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። በመሐላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል። በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ተመራቂ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ከየመደርደሪያው አንዱን ብትስቡ «የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም» የሚል ርዕስ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ልጆቹ ይሠሩታል፣ ፊት ቆመው ይከላከሉታል፣ በደንብ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ልጆች ያንኑ ከዜሮ ይጀምራሉ። እኔን ያንገበግበኛል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ታች፣ ችግሩ ያለባት ነርስ ላይ! በሚኒባስ የሚያልቅ መንገድ ነው። መምህሩ «የራሳችን ይሁን» ካሉ፣ የራሳችን የሚሆንበት መንገድ ይሄው። ኦዲኬም ኦፕንኤምአርኤስም ኮዳቸው ክፍት ነው። አራተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ገብቶ ሊያየው፣ ሊያርመው፣ አማርኛ ሊጨምርበት ይችላል።

«መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፤ ወረቀት ይሻላል»

እዚህ ጋ መምህሩ «ሲስተም የለም» የምትለውን ዐረፍተ ነገር አንስተዋል። ልክ ናቸው። ባንክ ቤት፣ መብራት ኃይል፣ የትም ሂዱ፤ እንደዚህች ዐረፍተ ነገር የሚያናድድ የለም። ሲስተም ተክሎ መብራት ሲሄድ የሚሠራበትን መንገድ ያላሰበ ተቋም ጥፋተኛ ነው። በዚህ አንጣላም።

ግን ወረቀት አስተማማኝ ነው ሲሉ ትዝ የሚለኝ አንድ ቀን አለ።

ክረምት መግቢያ ላይ ነበር፣ ኩታበር በኩል። ስለ ሕፃናት ሞት የሚጠይቅ ጥናት ነው። መጠይቁ አሥራ አራት ገጽ ነው። አንዲት እናት ዘንድ ደረስኩ። ቆሎ አቀረቡልኝ። ከአንድ ዓመት በፊት ልጃቸው ሞቷል። መጠይቁ የሚጠይቀው ብዙ ነው፦ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ጡት መጥባት መቼ አቆመ፣ የት ወሰዳችሁት። እናትየዋ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። መሐል ላይ ዝም ይላሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ይቀጥላሉ። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ጨርሼ መጠይቁን በፌስታል ጠቀለልኩና ወጣሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ዝናቡ ያዘኝ። ጅረቷን ስሻገር ተንሸራተትኩ። ፌስታሉ ተቀደደ። ማታ እልፍኝ ውስጥ ገጾቹን አንድ በአንድ ላላቅቅ ሞከርኩ። ተጣብቀው ስለነበር ስስባቸው ተቀደዱ። የዚያች እናት አራት ገጽ ሄደ። ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኩት። «ተመለሺና አስሞይ» አለኝ። ሌላ ምን ይበል?

በአሥረኛው ቀን ተመለስኩ። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ ያን ዕለት የነገርኩሽን ጣልሽው?» አሉኝ።

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ቁጭ ብለው እንደገና ነገሩኝ። ጡት መጥባት መቼ አቆመ፣ የት ወሰዳችሁት፣ ሁሉንም። የመጀመሪያው ቀን ልጁ አሥራ አራት ወሩ ነበር ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ገና ዓመት አልሞላውም ነበር አሉ። ኀዘን እንዲህ ነው፤ ሲደጋገም ይደበላለቃል። ጥናቱም ሁለት ዕድሜ ያለው አንድ ልጅ ይዞ ቀረ።

መምህር፣ የወረቀት ዋጋ ያልኩዎት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ጥናት ታብሌት ተሰጠን፣ ኦዲኬ ተጭኖበት። መምህሩ ያልጠቀሱት አንድ ነገር አለ። ይህ ነገር መረጃ ሲሰበሰብ ኔትወርክ አይፈልግም። ቅጹ አስቀድሞ ይጫናል። ገደል ሥር ሆናችሁ ትሞላላችሁ፣ እዚያው ይቀመጣል። ማታ ኔትወርክ ያለበት ስትደርሱ ይላካል። ወንድ ብላችሁ ሞልታችሁ እርግዝና ጥያቄ ጋ አትደርሱም፤ ራሱ ይዘለዋል። ወረቀት ላይ እኮ ነፍሰ ጡር የሆነ አባወራ ሞልቶልን ያውቃል፤ ያንን ለማጽዳት ሳምንታት ይባክናል። የጎደለ ጥያቄ ካለ ደጃፉን ሳትለቁ ይነግራችኋል። በማግስቱ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ደሴ ቁጭ ብሎ የትላንቱን ያያል።

ችግር አልነበረም አልልም። በሁለተኛው ቀን የሁለታችን ባትሪ አለቀ። ፓወር ባንክ ይዛችሁ ውጡ ያለን የለም። የአንድ አርሶ አደር ትንሽ ሶላር ነው ያወጣችን። ስልክ በአምስት ብር ቻርጅ ያደርጉ ነበር፤ ለእኛ ግን «እንግዳ ናችሁ» ብለው አልተቀበሉንም። ከዚያ በኋላ ያለ ትርፍ ባትሪ አንድም ሰው አላሰማራሁም። ማስተካከል የሚቻል ችግር ነው። የዝናቡን ግን እንዴት አስተካክለዋለሁ?

አሁን ወደ ጦርነቱ። ይህን በጥንቃቄ ነው የማነሳው፤ የሁላችንም ቁስል ነው። በጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ ደሴም ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ፣ ተጎዳ። መምህሩ «ኮምፒውተሩ ተጭኖ ሄደ፤ ወረቀት የሚሰርቅ የለም» ይላሉ። ወረቀት የሚሰርቅ ላይኖር ይችላል። ግን ይበተናል፣ ይረገጣል፣ እሳት ይነድበታል። በር ሲሰበር ካርድ ክፍሉም በር ነው።

በዚያን ጊዜ የተረፈው የቱ ነው? ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ የነበረው ነው። ከጦርነቱ በፊት በዲኤችአይኤስ2 ተልኮ ያደረ ወርሃዊ ሪፖርት የደሴው ኮምፒውተር ቢወሰድም ማዕከሉ ላይ አለ። የአንድ ተመራማሪ የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ከነበረ ግን ከላፕቶፑ ጋር ሄዷል። በአንድ ካርቶን ብቻ የነበረም እንደዚሁ። ስለዚህ ከጦርነቱ የምንማረው አለ ከተባለ ባክአፕ ነው። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ። ይህን ደግሞ በካርቶን አትችሉትም። አራት መቶ ባለ አሥራ አራት ገጽ መጠይቅ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያስቀምጥ ዩኒቨርሲቲ አላየሁም።

«የበሽተኛ ምስጢር ይወጣል»

ስጋታቸው ተገቢ ነው። የውጭ አጋር «ዳታውን እኛ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት» ሲል ሳይጠይቅ የሚፈርም ሰው አለ። መጠየቅ አለበት። አሁን ደግሞ ሕግ አለን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። ሬድካፕን ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሰርቨር፣ በራሱ ግቢ መትከል ይችላል። ማን መቼ ገብቶ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል።

የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ማን መቼ እንደያዘ የሚመዘግብ አለ? ሲስተም በሌለበት የሚሆነውንም እናውቃለን። የበሽተኛ ስም ያለበት ኤክሴል በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚያ ፍላሹ ኪስ ውስጥ ይረሳል፣ ሱሪው ይታጠባል፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ይወድቃል። የራጅ ፎቶ በቴሌግራም ይላካል። ቴሌግራም ደግሞ የማን ሰርቨር ላይ እንደሚያድር መምህሩ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

«ተማሪው ገልባጭ ይሆናል»

ይገለብጣል። እውነት ነው። አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ የሚጽፍለት ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህን ለመከላከል መምህራን ጥያቄ የሚያወጡበትን መንገድ መቀየር ሊኖርባቸው ነው። ከባድ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም።

ግን ገልባጩ የሚጠቀመው ስልኩን ነው። ዩኒቨርሲቲው ሙድል ተከለም አልተከለም ስልኩ ኪሱ ውስጥ አለ። ሙድል ባይኖር የሚሆነው ሞጁሉ በቴሌግራም ግሩፕ መዞሩ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ያልገባው ልጅ ደግሞ ይቀርበታል። ሙድልን በግቢው ኔትወርክ ላይ ብቻ መትከል ይቻላል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ላይብረሪ ቁጭ ብሎ ይከፍተዋል።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። በኮምፒውተር ነው። ከገጠር የመጣችውን ልጅ አራት ዓመት በጠመኔ ብቻ አስተምረን፣ የሕይወቷን ትልቅ ፈተና ማውዝ ይዛ ፈተኚ እንላታለን። ይህ ለማን ነው የሚያደላው? ቤቱ ኮምፒውተር ላለው የከተማ ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ግቢዎች ሲዘጉም ያየነው ያንኑ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ቪዲዮ እያወረደ ሲያጠና፣ የደላንታው ልጅ ደብተሩን ይዞ ከብት ሲጠብቅ ከረመ።

«ከሰው ፊት ወደ ስክሪን»

የመጨረሻው ነጥባቸው ልብ ይነካል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተማሪን በስሙ የሚጠሩ፣ «አብሽር፣ ይስተካከላል» የሚሉ ሠራተኞች ነበሩ ብለው ይጽፋሉ። ነበሩ፣ አሁንም አሉ። እነሱን የሚያጠፋ ሲስተም እኔም አልፈልግም። እንደ እኔ ግን እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመቱ ከሚውሉ፣ የተቸገረ ተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ቢያወሩ ይሻላል።

ታናሽ ወንድሜ የተማረው ከዚህ በጣም ሩቅ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲጨርስ ክሊራንስ፣ ማለትም ከየቢሮው «ዕዳ የለበትም» የሚል ማኅተም፣ ሊያስመታ ገባ። ወረቀቷ ላይ አሥራ ሁለት ቢሮ ተዘርዝሯል። ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ እያለ ይቀጥላል። ስፖርት ክፍል ማኅተሙን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል፤ ሁለት ቀን ጠበቀ። ላብራቶሪው «ሰኞ ና» አለው። ዶርሙን አስረክቦ ስለነበር የሚያድርበት የለውም፤ ጓደኛው ዘንድ መሬት ላይ ተኛ። የትራንስፖርት ብሩን በላው። እኔ ከደሴ በቴሌብር ላኩለት።

አሥራ አንዱን አስመትቶ አሥራ ሁለተኛው ቢሮ ሲሄድ በሩ ተቆልፏል። በማግስቱም ተቆልፏል። በሦስተኛው ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አየችውና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ቢሮ እኮ ከተዘጋ ቆየ» አለችው። ቢሮው ፈርሷል። ቅጹን ግን ያስተካከለው የለም። ሬጅስትራር ተመልሶ ሲነግራቸው «እሺ፣ እንዲሁ ስጠን» ብለው ተቀበሉት።

የወረቀቷን ኮፒ አሁንም ዲግሪው መሐል አጣጥፎ አስቀምጧታል። አሥራ አንድ ማኅተም አለባት። የአሥራ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።